ለሞተር መብራት ከመግዛታችሁ በፊት



በዚህ ገጽ ስለ ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ እህቶች ሌላ ጥያቄ ይዘው እየመጡ ነው። አጠያየቁ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። «ወንድሜ በላክሁለት ገንዘብ ሞተር ገዝቷል፤ አሁን ደግሞ ለሞተሩ የሚሆን ኤልኢዲ መብራት ላኪልኝ ይለኛል፤ ምኑን ልግዛለት?» ለአንዷ ወንድም ነው፣ ለሌላዋ ባል፣ ለሌላዋ ደግሞ ልጅ። ፎቶም ይልካሉ። ከታንከሩ ሥር ሰማያዊ፣ ከጎማው አጠገብ አረንጓዴ የሚያበራ፣ ከሩቅ ሲታይ የሠርግ ቤት የመሰለ ሞተር።

ወጣት ነውና ማማሩን አልነቅፍም። ደግሞም መብራቱ ከማማር ያለፈ ጥቅም አለው። አገራችን ምሽቱ ድንገት ነው የሚመጣው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው ይጨልማል። መንገዱ ላይ መብራት የለም፣ ጋሪ አለ፣ ከብት አለ፣ ጥቁር ነጠላ የለበሰ እግረኛ አለ። ከጎን የማይታይ ሞተር አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይግዛ አይግዛ አይደለም። ጥያቄው ምን እንደሚገዛና እንዴት እንደሚታሰር ነው። ያ ሞተር የአንዳችን የሁለት ዓመት ጉልበት ነው፤ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ምክንያት ከነታንከሩ ሊቃጠል ይችላል።

እኔ አገር ቤት የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራ ነበር። እዚህ የቤተሰብ ሾፌር በመሆኔ ደግሞ መኪና ለማሠራት ዓል ዓይን ሰናይያ እመላለሳለሁ። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ያየሁትን ላካፍላችሁ። ትምህርቱ ትንሽ ሒሳብ አለበት፤ ከሱቅ ዕቃ ሒሳብ ግን አይከብድም። አንብባችሁ ስታበቁ ገጹን ፎቶ አንስታችሁ ለባለ ሞተሩ ብትልኩለት ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል።

መጀመሪያ ወደ አገር ቤት ደውሉ

ምንም ሳትገዙ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሞተሩ የቤንዚን ነው ወይስ የኤሌክትሪክ? የቤንዚን ከሆነ ስሙና ጉልበቱ ምንድን ነው (ቦክሰር ነው፣ ቲቪኤስ ነው፣ ሌላ ነው)? ባትሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ይላል? የባትሪውን ፎቶ ይላክላችሁ፣ ጽሑፉ በደንብ እንዲነበብ። የፊት አምፖሉን መቀየር የሚፈልግ ከሆነ አምፖሉን አውጥቶ እግሩን፣ ማለትም ሶኬቱ ውስጥ የሚገባውን ብረት፣ ፎቶ ያንሳላችሁ። አምፖል ሁሉ አንድ አይደለም። ኤች 4 የሚባለው ሦስት እግር አለው፤ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ሌላ ዓይነት እግር ያለው አምፖል አለ። «የሞተር አምፖል ስጠኝ» ብላችሁ ብትገዙ አገር ቤት ደርሶ አልገባም ይላል፤ ሄዶ የሚመልሰው ደግሞ የለም።

ሞተሩ የሚነዳው የት ነው የሚለውም ጥያቄ ነው። በ2011 ዓ.ም ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሎ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ፈቃድ ኖሮት የሚሠራ ሰው በየመንገዱ ትራፊክ ያየዋል፤ ሞተሩን የገና ዛፍ አድርጎ መዞር አያዋጣውም። ገጠር መንገድ ላይ ሰው ለሚያመላልስ ደግሞ ከጌጡ ይልቅ ኋላው በደንብ መታየቱ ነው የሚያስፈልገው።

ኤልኢዲ ምንድን ነው?

የድሮው አምፖል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ግሎ ይነድና ያበራል። ከሚበላው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ኤልኢዲ ግን የሚግል ሽቦ የለውም። ዳዮድ ነው፤ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ቅንጣት ሲሆን ሲያልፍበት ብርሃን ይሰጣል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ፖዘቲቭና ነጋቲቩን አገላብጣችሁ ካሰራችሁት አይበራም። አልበራ ያለ ሁሉ ተቃጥሏል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ያዙ፤ አገላብጦ መሞከር ነው።

በዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ኤልኢዲ አሜሪካዊው ኒክ ሆሎንያክ እ.ኤ.አ. በ1962 ሠራ። በአባቶቻችን ቴፕና ሬዲዮ ላይ የምናስታውሳት ቀይ ነጥብ እሷ ናት። ነጭ ብርሃን ግን ብዙ ዓመት ቆየ፤ ምክንያቱም ነጭ ለማግኘት ሰማያዊ ያስፈልግ ነበር፣ ሰማያዊው ደግሞ አስቸጋሪ ነበር። እሱን ያሳኩት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አገኙ። አሁን በትንሽ ዋጋ የምንገዛው ጥቅል መብራት የዚያ ልፋት ውጤት ነው።

ኤልኢዲ ትንሽ ይበላል ሲባል ግን ምንም አይበላም ማለት አይደለም። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ስንት ይበላል?

ሦስት ቃላት ያዙ። ቮልት ግፊቱ ነው፣ አምፔር የሚፈሰው መጠን ነው፣ ዋት ደግሞ የሥራው ጉልበት ነው። ቮልትን በአምፔር ስታባዙ ዋት ይሆናል። ዋትን በቮልት ስታካፍሉ አምፔሩን ታገኛላችሁ። በቃ፣ ሌላ ሒሳብ የለም። የቤንዚን ሞተሮች ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ነው፤ ሞተሩ ተነስቶ ባትሪውን ሲሞላ ወደ 14 ይጠጋል።

ሱቅ ውስጥ ጥቅልል ሆኖ የሚሸጠው ተለጣፊ መብራት ብዙውን ጊዜ 5 ሜትር ነው። ላዩ ላይ 3528 ወይም 5050 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ቁጥሩ የቅንጣቷ መጠን ነው፤ 3528 ማለት 3.5 በ2.8 ሚሊ ሜትር፣ 5050 ደግሞ 5 በ5 ሚሊ ሜትር። በአንድ ሜትር 60 ቅንጣት ያለው ባለ 3528 በሜትር ወደ 4.8 ዋት ይበላል። 60 ቅንጣት ያለው ባለ 5050 ግን በሜትር 14.4 ዋት ይበላል፤ ሦስት እጥፍ ማለት ነው።

እንግዲህ ለአንድ ሞተር 2 ሜትር ይበቃል እንበል። ባለ 3528 ከሆነ 9.6 ዋት፣ በ12 ሲካፈል 0.8 አምፔር። ባለ 5050 ከሆነ 28.8 ዋት፣ 2.4 አምፔር። የትንሽ ሞተር የፊት መብራት ብዙ ጊዜ 35 ዋት ነው። ስለዚህ ባለ 5050ውን የጫነ ሰው ሌላ የፊት መብራት የጨመረ ያህል ነው። 5 ሜትሩን ሁሉ ከጠቀለለበት ደግሞ 72 ዋት ሆነ፤ ሁለት የፊት መብራት! የሞተሩ ዲናሞ ይህን ሁሉ ሊያመርት አይችልም። ማታ ቀስ እያለ ሲነዳ ባትሪው እያለቀ ይሄዳል፣ ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ከዚያ «ባትሪው ሞተ፣ ብር ላኪ» የሚል ስልክ ይመጣላችኋል።

ሞተሩ ጠፍቶ መብራቱ ከበራ ደግሞ እንዲህ ነው። ባትሪው ላይ 12 ቮልት 5 አምፔር ሰዓት የሚል ከተጻፈ፣ 2.4 አምፔር የሚበላው መብራት በሁለት ሰዓት ገደማ ጨርሶ ያጠፋዋል። ገና ግማሽ ላይ ሲደርስ ሞተሩን ማስነሳት ያቅተዋል። ሻይ ቤት በር ላይ አብርቶት የሚቀመጥ ወንድም ካላችሁ ይህችን አንቀጽ አስምሩለት።

የእኔ ምክር ባለ 3528ውን ነው፣ 2 ሜትር፣ አንድ ቀለም። ሪሞት ያለውና ቀለም የሚቀያይረው አራት ሽቦ ያለው ዓይነት መቆጣጠሪያ ሣጥኑ ጠፍቶም ትንሽ ትንሽ ይበላል፣ አቧራና ዝናብም ቶሎ ይጎዳዋል። ለልጅ ልደት ጥሩ ነው።

ፊውዝ፣ ፊውዝ፣ ፊውዝ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህንን አትርሱ፤ መብራት ስትገዙ ፊውዝ ከነመያዣው አብራችሁ ግዙ።

የሞተር ባትሪ ትንሽ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ነገር ግን ያች ትንሽ ባትሪ ሞተር ለማስነሳት በአንድ ጊዜ ብዙ አሥር አምፔር ማውጣት የምትችል ናት። የመብራቱ ቀጭን ሽቦ ልባሱ ተልጦ የሞተሩን ብረት ቢነካ ያ ሁሉ ኃይል በዚያች ክር በምታህል ሽቦ ይሮጣል። በሰከንዶች ውስጥ ሽቦዋ ትግላለች፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ አጠገቧ ያሉትን የሞተሩን ሽቦዎችም ታቀልጣለች። ከላይ ምን አለ? የቤንዚን ታንከር።

ልባሱ ለምን ይላጣል ብትሉ፣ ሞተር ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። በተለይ መሪው በሚዞርበት አንገት አካባቢ ሽቦ በየቀኑ መቶ ጊዜ ይታጠፋል፣ ከብረት ጋር ይፋተጋል። በኮረት መንገድ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አንድ ቀን መላጡ የሚጠበቅ ነገር ነው። ፊውዝ ለዚያ ቀን ነው የሚቀመጠው። ሽቦው ከመጋሉ በፊት እሷ ትበጠስና መብራቱ ይጠፋል፤ ጉዳቱ የአንዲት ፊውዝ ዋጋ ብቻ ይሆናል።

ፊውዝ የሚቀመጠው ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ነው፤ ከአንድ ስንዝር መራቅ የለበትም። ብዙ ሠራተኞች መብራቱ አጠገብ ያስሩታል፤ ይህ ጥቅም የለውም። ምክንያቱም ፊውዝ የሚጠብቀው ከእሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ብቻ ነው። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም፤ ስለዚህ ይጠር።

መጠኑስ? መብራቱ ከሚበላው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ሽቦው ከሚችለው ግን ያነሰ። 0.8 አምፔር ለሚበላው ባለ 2 አምፔር ፊውዝ፣ 2.4 ለሚበላው ባለ 5 አምፔር ይሆናል። ሽቦው 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ለሁለቱም ይበቃል። ከጥቅሉ ጋር የሚመጣው ፀጉር የመሰለ ሽቦ ግን ለጭን ያህል ርዝመት እንጂ ሞተሩን ከጫፍ ጫፍ ለማዳረስ አይሆንም። ስለዚህ 3 ሜትር ቀይ፣ 3 ሜትር ጥቁር ሽቦ ጨምሩበት። ፊውዝ ደግሞ መለዋወጫ አራት አምስት ፍሬ ይኑር። አገር ቤት ፊውዝ ሲበጠስ የሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ የሚያስገባ አለ፣ የሽቦ ቁራጭ የሚያስር አለ። ያ ሰው ጠባቂውን አባሮ በሩን ክፍት ትቶ እንደተኛ ነው። ፊውዝ ደጋግሞ ከተበጠሰ ፊውዙ ሥራውን እየሠራ ነው፤ የተላጠውን ቦታ መፈለግ ነው እንጂ ትልቅ ፊውዝ ማስገባት አይደለም።

አስተሳሰሩ

ይህ ክፍል ለሚያስረው ሰው ነው። መብራቱ ሞተሩ ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ እንዲጠፋ ከቁልፍ በኋላ ካለው መስመር መታሰር አለበት። የሚበላው ከ1 አምፔር በታች ከሆነና የዚያ መስመር ፊውዝ ትርፍ ካለው በቀጥታ ይወሰዳል። ፓውዛ ወይም ብዙ የሚበላ ከሆነ ግን ሬሌ ይግባ። ሬሌ ማለት በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ትልቅ ማብሪያ ነው። እግሮቹ ላይ ቁጥር አለ፤ 30 ከባትሪው በፊውዝ በኩል፣ 87 ወደ መብራቱ፣ 85ና 86 ደግሞ አንዱ ከቁልፉ መስመር በማብሪያ በኩል፣ ሌላው ወደ ነጋቲቭ። ቁጥሩ በየትም አገር አንድ ነውና ግራ አያጋባም።

አንዳንድ ትንንሽ ሞተሮች የፊት መብራታቸው ከባትሪ ሳይሆን በቀጥታ ከዲናሞው የሚመጣ ነው። ከዲናሞ በቀጥታ የሚመጣው ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሮጥ ስለሆነና ጋዝ ሲሰጡት ስለሚጨምር ለኤልኢዲ አይሆንም፤ ይብለጨለጫል፣ ቶሎም ይቃጠላል። ምልክቱ ሞተሩ ሳይነሳ የፊት መብራቱ አይበራም፣ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ጋዝ በተሰጠ ቁጥር ይደምቃል፣ ሲቀንስ ይፈዛል። እንደዚያ ከሆነ ከፊት መብራቱ መስመር ምንም አይወሰድ። በቴስተር ለክቶ ማረጋገጥ ነው ጥሩው።

ጥቅሉ በፈለጉበት ቦታ አይቆረጥም። በየሦስት ቅንጣቱ የመቀስ ምልክት ወይም መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ብቻ። ሦስቱ ቅንጣቶች ተያይዘው በአንድ ላይ ስለሚሠሩ መሐላቸው ከተቆረጠ እነዚያ ሦስቱ ሞቱ። የተቆረጠው ጫፍ በሲሊኮን ይደፈን፣ አለዚያ በመጀመሪያው ዝናብ ውኃ ይገባበታል። ሽቦና ሽቦ ሲያያዝ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ለሞተር አይበቃም፤ ሙጫው በሙቀት ይለቃል። በእርሳስ ተበይዶ በላዩ በሙቀት የሚጠብቅ የላስቲክ ቱቦ ይልበስ። ከመለጠፉ በፊት ብረቱ ከዘይትና ከአቧራ በደንብ ይጽዳ፣ ከተለጠፈ በኋላም በላስቲክ ማሰሪያ ይያዝ። ከማርሚታው አጠገብ በፍጹም አይለፍ። መሪው አካባቢ ሽቦው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር እንዳይወጠር ላላ ይበል።

ፍሬቻውን ወደ ኤልኢዲ የሚቀይር ሰው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ሲብለጨለጭ ይደነግጣል። ምንም አልተበላሸም። የድሮው ብልጭልጭ ማድረጊያ የሚሠራው አምፖሉ በሚበላው መጠን ነው፤ ሁለት ባለ 10 ዋት አምፖል ሲጠብቅ ትንሽ ሲያገኝ አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። ለኤልኢዲ የተሠራ ብልጭልጭ ማድረጊያ መግዛት ነው መፍትሔው። እዚህ ስትገዙ አብራችሁ ጠይቁ።

የኤሌክትሪክ ሞተር ከሆነ ተጠንቀቁ

አገራችን ውስጥ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ነገር ሁሉ እየበዛ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር የገዙም አሉ። የእነሱ ባትሪ 12 ቮልት አይደለም። 60 አለ፣ 72 አለ። 72 የሚባለው ሊቲየም ባትሪ ሙሉ ሲሆን እስከ 84 ቮልት ይደርሳል። ባለ 12 ቮልት ጥቅል እዚያ ላይ ቢታሰር በቅጽበት ይቃጠላል። ሰውንም ሊይዝ የሚችል ኃይል ነው፤ እርጥብ እጅ ላለው ቀልድ የለም።

እነዚህ ሞተሮች ለፊት መብራትና ለፍሬቻ ብዙ ጊዜ ቮልቱን ወደ 12 የሚያወርድ ሣጥን አላቸው። ተጨማሪ መብራት የሚታሰረው ከዚያ ሣጥን መውጫ ነው፤ ስንት አምፔር እንደሚችል ላዩ ላይ ይነበባል። ከፊት መብራቱና ከፍሬቻው የተረፈውን ነው መጠቀም የሚቻለው። ባትሪው በአሲድ የሚሠራው ዓይነት ከሆነ 72ቱ የተሠራው ከስድስት ባለ 12 ባትሪዎች ነው። አንዳንዱ ሠራተኛ «ከስድስቱ ከአንዱ እንውሰድ» ይላል። ይሠራል፣ ግን ያ አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ያልቃል፤ አንዱ ሲደክም አምስቱን ይዞ ይወድቃል። አይደረግ።

ሰናይያ ስትሄዱ

ሰናይያ የሚለው ቃል እኛ ጆሮ ላይ «ሰናይ» ይመስላል፤ ግን ከዐረብኛው ሲናዓ፣ ማለትም ኢንዱስትሪ፣ የመጣ ነው። ዓል ዓይን ላላችሁ የከተማው ሰናይያ አለ፤ አቡ ዳቢ ላላችሁ ደግሞ ሙሳፋህ ነው። ጋራዡና መለዋወጫ ሱቁ ጎን ለጎን ነው፤ አንዱ ሱቅ የከለከላችሁን ሌላው ይሰጣችኋል፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ሱቅ አትቁረጡ። ቀትር ላይ ብዙዎቹ ይዘጋሉ። አካባቢው የወንዶች ነውና እህቶች ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን በሕግ የተሰጣችሁ ነው (እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 ነው)፤ ለዚህም ይጠቅማል።

ባለ ሱቆቹ አብዛኞቹ የፓኪስታን፣ የሕንድና የባንግላዲሽ ሰዎች ናቸው። የእኛ ዐረብኛ ቢሰባበር የእነሱም ስለሚሰባበር ጥሩ ትግባባላችሁ። «አስሊ ወላ ተቅሊድ?» ዋናው ነው ወይስ አስመስሎ የተሠራ? «ዲድ አልማይ?» ውኃ ይችላል? ካርቶኑ ላይ አይፒ 67 የሚል ካለ ውኃ ለጊዜው ቢያጥለቀልቀው እንኳን ይችላል፤ አይፒ 65 ዝናብ ይችላል፣ መጥለቅ ግን አይችልም። አይፒ 20 የቤት ውስጥ ነው፤ ለሞተር አይሆንም። ከሁሉ በላይ ደግሞ «መምኪን አጀርብ?» ልሞክረው? በሉ። ሱቁ ውስጥ ባትሪ አይጠፋም። 5 ሜትሩ በሙሉ መብራቱን፣ ቀለሙ ከጫፍ ጫፍ እኩል መሆኑን እዩ። ጥቂት ደቂቃ በርቶ ይቆይና በእጃችሁ ንኩት፤ ለብ ማለቱ ደንብ ነው፣ ካቃጠላችሁ ግን ተዉት።

ካርቶን ላይ የተጻፈ ዋት አትመኑ። መዳፍ የምታህል ፓውዛ ላይ 200 ዋት ተጽፎ ታገኛላችሁ። በተማርነው ሒሳብ አስሉት፤ 200 በ12 ሲካፈል ወደ 17 አምፔር ይመጣል። ከኋላዋ የወጣችው ሽቦ የስልክ ቻርጀር ሽቦ ካከለች ይህን ልትሸከም አትችልም። ዋሽተዋል ማለት ነው፤ በዋቱ የዋሸ በውኃውም ይዋሻል።

አንድ ነገር ላንሣ። እዚህ አገር ያለ ፈቃድ ተሽከርካሪ ላይ ለውጥ ማድረግ ያስቀጣል። የአሠሪ ልጅ «ለሞተሬ እሰርልኝ» ቢላችሁ ለአባቱ ሳትነግሩ እጃችሁን አታስገቡ፣ በተለይ ሾፌሮች።

ቀለሙና ዓይን

ቀይ ብርሃን ወደ ፊት አይታይ፣ ነጭ ወደ ኋላ አይታይ። ማታ ሰው መኪና የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚለየው በዚህ ነው፤ ወደ ኋላ ነጭ ያበራ ሞተር ወደ እናንተ የሚመጣ ይመስላል። ብልጭ ድርግም የሚል ሰማያዊና ቀይ የፖሊስና የአምቡላንስ ነው። ለጎን ብርቱካናማ ጥሩ ነው፤ ቅንጣቶቹም ወደ መሬት ዞረው ይለጠፉ። መሬቱ ሲበራ ሞተሩ ይታያል፣ የማንም ዓይን አይወጋም።

የፊት አምፖል ነገር ግን ከሁሉም ይከብዳል። የድሮው መብራት መስተዋት የተሠራው ለሽቧዋ አምፖል ነው፤ ብርሃኑ ከየት ቦታ እንደሚነሳ ተለክቶ ነው የተጎበጠው። ኤልኢዲ አምፖል ሲገባበት ቅንጣቶቹ በዚያው ቦታ ካልተቀመጡ ብርሃኑ ይበተናል። ነጂው «ደመቀልኝ» ይላል፤ ከፊቱ የሚመጣው ሰው ግን ታውሯል። የታወረ የአይሱዙ ሹፌር ደግሞ ወዴት እንደሚዞር አይታወቅም። ስለዚህ ስትገዙ የቅንጣቶቹ አቀማመጥ የሽቧዋን ቦታ የያዘውን፣ ቀለሙም 4300 ኬልቪን አካባቢ የሆነውን ምረጡ። 6000ና ከዚያ በላይ ያለው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሱቅ ውስጥ ያምራል፣ መንገድ ላይ ግን ዓይን ያደክማል።

አምፖሉ ከተቀየረ በኋላ አመሻሽ ላይ ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀት ያቁመው። ነጂው ራሱ ይቀመጥበት፤ ሰው ሲቀመጥ ኋላው ዝቅ፣ ፊቱ ቀና ስለሚል ያለ ሰው መለካት ዋጋ የለውም። ሰው የሚያመላልስ ከሆነ ኋላም አንድ ሰው ይቀመጥ። የመብራቱን መሐል ከፍታ ከመሬት ለክቶ ግድግዳው ላይ በኖራ ያስምር። ከዚያ አጭር መብራቱን ያብራ። የብርሃኑ የላይኛው ጫፍ ከመስመሩ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መታየት አለበት። ከመስመሩ በላይ ከወጣ ብሎኑን ፈታ አድርጎ መብራቱን ወደ ታች ያዘንብለው። ብርሃኑ ጫፍ የሌለውና ግድግዳውን ሁሉ የሞላ ከሆነ ግን ማዘንበል አያድነውም፤ አውጥቶ የድሮውን አምፖል ይመልስ።